«ዲስኩ ላይ ካለ የኔ ነው» ላለው ወንድማችን፦ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ «አንብበውና የምትለውን ንገረኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከቪዲዮ ጌሞች ውስጥ ስለሚቆረጡ ነገሮች ነው፤ ጭራሽ ሳይወጡ ስለሚቀሩ ጌሞችም ያነሳል። ጸሐፊው ጌም ወዳድ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። መናደዱም እንደዚያው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ወንድማችን የሚለው ይሄን ነው። በጌም ዲስክ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ ነገር ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ናቸው የነፈጉን። በኋላ በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጡልን ዲኤልሲ ያው ከዋናው ጌም የተቆረጠ ነው። የተጣለው ሁልጊዜ ከወጣው ይሻል ነበር። መመለሱ ደግሞ አንድ ቁልፍ እንደመጫን ቀላል ነው፤ ተጫዋቾች በነፃ እየሠሩት አይደል? ሳይወጡ የቀሩት ጌሞችም በየኩባንያው ካዝና ተቆልፎባቸዋልና በግድ ይከፈቱልን።

ንዴቱ ይገባኛል። አንዱ ነጥብ ላይ እንዲያውም በከፊል ከጎኑ ነኝ። ሌላው ግን ጌም እንዴት እንደሚሠራ ካለማየት የመጣ ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዲስኩ ላይ ከተገኘ፣ አልቆ ነበር ማለት ነው»

ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

ቤት ሲሠራ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ኤሌክትሪሻኑ ግድግዳ ውስጥ ሽቦ ይቀብራል። ባለቤቱ በመጨረሻው ሰዓት መጥቶ «እዚህ ጋ መብራት ይቅርብኝ» ቢለው ግድግዳውን ፈልፍሎ ሽቦውን አያወጣም። ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሎ ይተወዋል። ይለሰንበታል፣ ቀለም ይቀባበታል። ከ10 ዓመት በኋላ ግድግዳውን የነደለ ሰው ሽቦውን ያገኝና «ለካ እዚህ ጋ መብራት ነበር!» ይላል። አልነበረም። የነበረው ሽቦ ነው።

ጌምም የሺህ ፋይሎች ክምር ነው። ምስል አለ፣ ድምፅ አለ፣ የሰዎቹ ቅርጽ አለ፣ ይሄን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ኮድ አለ። አንዱ ሌላውን በስም ወይም በቁጥር ይጠራዋል። ጌሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው «ይሄ ተልዕኮ ይቅር» ቢባል ሠሪዎቹ ሁለት ምርጫ አላቸው። አንደኛው ፋይሎቹን ነቅሎ ማውጣት ነው። 40ኛው ሲነቀል 41ኛው 40ኛ ይሆናል። ከዚያ በር ከፍተህ ስትገባ ሊያናግርህ የሚገባው ሰው ቦታ ላይ ወንበር ቆሞ ታገኛለህ። ወይም ጌሙ ቀጥ ይላል። ለምን እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ እንደገና መፈተሽ ነው። ሁለተኛው ምርጫ ወደ ተልዕኮው የሚወስደውን መንገድ ብቻ መዝጋት ነው። አንዳንዴ አንድ መስመር ኮድ ይበቃል። ፋይሎቹ እዚያው ይተኛሉ። ማንንም አይነኩም።

ጌሙ ለጌም ማሽኖቹ ባለቤቶች፣ ለሶኒ ወይም ለማይክሮሶፍት፣ ፍተሻ ሊላክ ሳምንታት ሲቀሩት የመጀመሪያውን የሚመርጥ ጤነኛ ሰው የለም።

የዚህ ነገር ታላቁ ምሳሌ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። በጥቅምት 2004 በፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። ሠሪው ሮክስታር አንድ የወሲብ ትዕይንት ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ተወው። አላወጣውም ግን፤ መንገዱን ዘግቶ እዚያው አስተኛው። በሰኔ 2005 የኮምፒውተሩ ቅጂ ወጣና በቀናት ውስጥ አንድ ሞደር (የጌም ፋይል ከፍቶ የሚቀይር ተጫዋች) የተዘጋውን በር ከፈተው። «ሆት ኮፊ» የተባለው ጉድ ይሄ ነው። ሐምሌ ላይ የአሜሪካው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ኢኤስአርቢ ጌሙን ከ«17 ዓመት በላይ» ወደ «ለአዋቂዎች ብቻ» ቀየረው። ትልልቅ መደብሮች ከመደርደሪያ አነሱት። ሮክስታር የጸዳ ቅጂ እንደገና ማሳተም ነበረበት። ነገሩ ለዓመታት ተጎተተ። ወላጅ ኩባንያው ቴክ-ቱ ሆት ኮፊንና ሌሎች ጉዳዮችን ያካተተ የባለአክሲዮኖች ክስ በ2009 ሲዘጋ የተስማማበት ገንዘብ 20.1 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እና ያ ሁሉ ጩኸት የተነሳበት ትዕይንት ምን ይመስላል? የጌሙ ዋና ሰው ሲጄ ልብሱን እንደለበሰ ነው። እንቅስቃሴው እንደ አሻንጉሊት ነው። ያለቀ ሥራ ይሄን አይመስልም። ሽቦ ነው እንጂ መብራት አይደለም ያልኳችሁ ይሄን ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ዲስክ ላይ መተው ለኩባንያው ጣጣ እንጂ ትርፍ የለውም። ከናንተ ሊደብቀው የፈለገ ሰው እጃችሁ ላይ ባለ ዲስክ ውስጥ አያስቀምጠውም።

ሳን አንድሪያስን ካነሳሁ አይቀር የራሴን ልንገራችሁ። እኔ ይሄን ጌም መጀመሪያ የተጫወትኩት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ቤት በጫነልኝ ቅጂ ነው። ሲዲ ላይ እንዲገባ ተብሎ የተጨመቀ ቅጂ ነበር። መኪና ውስጥ ስትገባ ሬዲዮ የለም። ጸጥ። ሞተሩ ብቻ ያጓራል። ለሁለት ዓመት ያህል ጌሙ እንደዚያ የተሠራ መስሎኝ ነበር። ጸጥታውን እንዲያውም ወድጄው ነበር፤ በረሃው መሀል ማታ ማታ ስትነዳ የሆነ የሚያስፈራ ነገር ነበረው። በኋላ የአጎቴ ልጅ ቤት ፕሌይስቴሽን ላይ ስናየው መኪናው ውስጥ ዘፈን ሲጀምር ደነገጥኩ። ለካ ጌሙ 11 የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው! ከኔ የተቆረጠውን ሮክስታር አልቆረጠውም። ቦታ የጠበበው ሌላ ሰው ነው የቆረጠው። የጎደለው ነገር ሁሉ የሠሪው እጅ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ቀለል ያለች ምሳሌ ልጨምር። ሶኒክ 2 በኅዳር 1992 ሲወጣ ሂድን ፓላስ የሚባል ደረጃ አልነበረበትም። ፎቶው ግን አስቀድሞ መጽሔቶች ላይ ወጥቷል። ልጆች በየቦታው ፈለጉት፣ አላገኙትም። ካሴቱ ካላችሁ አሁንም መሞከር ትችላላችሁ፦ ኦፕሽን ውስጥ ግቡና የድምፅ መሞከሪያው ላይ 10 ቁጥርን ምረጡ። ደስ የሚል፣ እርጋታ ያለው ሙዚቃ ይጫወታል። ይህ ሙዚቃ በጌሙ ውስጥ የትም አይሰማም። የሂድን ፓላስ ሙዚቃ ነው። ቤቱ ፈርሶ ዜማው ቀረ።

በ1999 ገና እየተሠራ ሳለ የተቀዳ የሶኒክ 2 ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ተገኘና ደረጃውን ሰው ሁሉ አየው። ታዲያ አልቆ ነበር? ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። መጨረሻው ላይ ቦስ፣ ማለትም የደረጃው ዋና ጠላት፣ የለውም። በ2013 ለስልክ የወጣው ቅጂ ውስጥ ሲካተት ሠሪዎቹ የጎደለውን ራሳቸው አስበው መሙላት ነበረባቸው።

«ዲኤልሲ ሁሉ ከዋናው የተቆረጠ ነው»

ወንድማችን እዚህ ላይ «ክትፎ አዘህ አይቡን ለብቻ እንደማስከፈል ነው» ይላል። ምሳሌዋን ወደድኳት። አንድ ጊዜ በትክክል ሆኗል።

መጋቢት 2012፣ ስትሪት ፋይተር ኤክስ ተከን። ካፕኮም ጌሙን ከሸጠ በኋላ ተጫዋቾች ዲስኩን ሲበረብሩ 12 ተፋላሚዎች ተቆልፈው አገኙ። ሙሉ በሙሉ የተሠሩ። በኋላ ለብቻ የሚሸጡ። የካፕኮም መልስ «የገዛና ያልገዛ ሰው እርስ በርስ መጫወት እንዲችል፣ የማውረጃውም መጠን እንዲያንስ ነው» የሚል ነበር። በቴክኒክ ውሸት አይደለም። ግን አይቡ ክትፎው ሳህን ላይ ቀርቦ ከላዩ ክዳን ተደፍቶበታል፤ ክዳኑን ለማንሳት ነው ክፈል የተባለው። እዚህ ላይ ለወንድማችን እጄን አነሳለሁ።

በዚያው ወር የወጣው ማስ ኢፌክት 3 ላይም ጥርጣሬ አለኝ። ጃቪክ የሚባለው ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያው ቀን በ10 ዶላር ለብቻ ተሸጠ። ሠሪው ባዮዌር «ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው የሠራነው» አለ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጃቪክ እኮ የፕሮቲያኖች የመጨረሻው ነው! ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ ታሪኩ የሚዞረው በነዚህ ሕዝቦች ዙሪያ ነው። እንደዚያ ያለውን ሰው ለብቻ መሸጥ ለኔ አልዋጥ ብሎኛል።

ከነዚህ ተነስቶ «ሁሉም» ማለት ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። አንድ ጌም ሲሠራ ሁሉም ሰው እኩል አይጨርስም። ሠርግ ቤትን አስቡት። ድንኳን ተካዮቹ ሲጨርሱ ወጥ ሠሪዎቹ ገና ሽንኩርት ላይ ናቸው። ጌም ላይም ሠዓሊዎቹና ጸሐፊዎቹ ቀድመው ይጨርሳሉ። ፕሮግራመሮቹ ስህተት ሲያርሙ፣ ዲስኩም ለፍተሻ ሲሄድና ሲታተም ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ ሠዓሊው ደመወዝ እየበላ ምን ይሥራ? ቀጣዩን ነገር ይጀምራል። ያ ቀጣይ ነገር ዲኤልሲ ይሆናል። ከምንም አልተቆረጠም። ባይጀመር ኖሮ ዋናው ጌም ውስጥ አይገባም ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ መቆረጡ በጎ ይሆናል። ኦብሲዲያን ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስን ለመሥራት የተሰጠው 18 ወር ገደማ ነበር። ዩሊሰስ የሚባለው ሰው የታሰበው አብሮህ የሚዞር ጓደኛ ሆኖ ነው። ጌሙ በ2010 ሲወጣ የለም። በ2011 ሎንሰም ሮድ በሚባለው ዲኤልሲ መጣ። በዲኤልሲው ግን ጓደኛ አይደለም፤ ከሩቅ ሲከታተልህ የኖረ ባላንጣ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዕቃ ተሸክሞ ከኋላህ ከሚከተል ዩሊሰስ ይሄኛው በብዙ ይሻላል።

«የተጣለው ከወጣው ይሻል ነበር»

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? ማንም ያልተጫወተውን ጌም ማን ይነቅፈዋል?

ሬዚደንት ኢቭል 2ን እንውሰድ። ዛሬ የምናውቀው በጥር 1998 የወጣው ነው። ከሱ በፊት ግን ሌላ ሬዚደንት ኢቭል 2 ነበር፤ ሰዎች «1.5» ይሉታል። ግማሹን አልፎ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ዳይሬክተሩ ሂዴኪ ካሚያና ቡድኑ ጣሉት። አስቡት፤ ግማሽ የተሠራ አይደለም፣ ከግማሽ በላይ። የታሪክ ጸሐፊ አመጡና ከእንደገና ጀመሩ። ኤልዛ ዎከር የምትባለው ሞተር ነጂ ቀርታ ክሌር ሬድፊልድ መጣች። ትልቁ ለውጥ ግን ፖሊስ ጣቢያው ነው። በ1.5 ተራ ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ነው፤ ግራጫ ኮሪደር፣ ጠረጴዛ፣ መዝጊያ። የወጣው ግን ድሮ ሙዚየም የነበረ ሕንፃ ነው። መሀሉ ላይ ሐውልት ያለው ሰፊ አዳራሽ፣ የእንጨት መወጣጫ፣ በየክፍሉ የማይገባ ቅርጻ ቅርጽ። ገና በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ «ይሄ እንዴት ፖሊስ ጣቢያ ይሆናል?» ትላላችሁ። ያ ጥያቄ ነው ጌሙን ጌም ያደረገው።

በ2013 የ1.5 አንድ ቅጂ ወጣና ሰው ሁሉ ተጫወተው። ለዓመታት ስንመኘው የኖርነው! ባዶ ክፍሎች። የማይከፈቱ በሮች። ኮሪደሩ ማለቂያ የለውም። በ1998 የወጣው ደግሞ በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል።

ከዚያው ከካፕኮም ቤት ሌላ ልጥቀስ፦ ለሬዚደንት ኢቭል 4 ተብሎ የተጀመረ ሐሳብ ከተከታታዩ ጋር አልሄድ ሲል ዴቭል ሜይ ክራይ ሆኖ በ2001 ወጣ። የተጣለ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይገባም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ ወንድማችንን ያላግባብ ልጫነው አልፈልግም። ሜታል ጊር ሶሊድ 5 በ2015 ሲወጣ 51ኛው ክፍል የለበትም። ልዩ እትሙን የገዙ ሰዎች ለብቻው በተሰጠ ዲስክ ላይ ያልተጠናቀቀ ቅንጫቢውን አዩ፤ ግማሹ ንድፍ ነው። ጌሙ ውስጥ ግዙፉ ማሽን በልጁ ኢላይ ይሰረቃል፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ሳይነገረን ጌሙ ያልቃል። የሆነ ጥርስ እንደተነቀለ ሁሉ ምላስህ እዚያ ቦታ ላይ ይመላለሳል። እዚህ ላይ የቀረው ነገር ቢኖር ይሻል ነበር፤ አልከራከርም።

«መመለሱ አንድ ቁልፍ እንደመጫን ነው»

የጽሑፉ ዋነኛ ማስረጃ ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2 ነው። የስታር ዋርስ ጌም ነው፣ ባጭሩ ኮቶር 2። ጥሩ ምርጫ። ግን ሙሉውን ታሪክ ቢጽፈው ኖሮ ማስረጃው ገልብጦ ይመታው ነበር።

ኦብሲዲያን በ2003 የተመሠረተ ስቱዲዮ ነው፤ ኮቶር 2 የመጀመሪያ ሥራው ነው። ጌሙ በታኅሣሥ 2004 ለገና ገበያ እንዲደርስ ተሯሯጡ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መጨረሻው አካባቢ ታሪኩ ይበጣጠሳል። አብረውህ የነበሩት ሰዎች የት እንደገቡ አይታወቅም። ኤችኬ-50 የሚባሉት ሮቦቶች የሚመረቱበት ፋብሪካ አለ ተብሎ ሲወራ ትሰማለህ፤ ፋብሪካውን ግን አታየውም። ኤም4-78 የተባለች ሙሉ ፕላኔትም ቀርታለች።

ተጫዋቾች ፋይሎቹን ሲከፍቱ ብዙ ነገር አገኙ። የተቀዳ ድምፅ፣ የውይይት ጽሑፍ፣ ግማሽ የተሠሩ ክፍሎች። ከዚያ የሪስቶርድ ኮንቴንት ሞድ ቡድን ቁጭ ብሎ መስፋት ጀመረ (ሞድ ተጫዋቾች ጌም ላይ የሚሠሩት ለውጥ ነው)። ስንት ጊዜ ፈጀ? ዓመታት። ድምፅ ያለውን ትዕይንት ያለ እንቅስቃሴ ማሳየት አይቻልም፤ እንቅስቃሴ ይሠራለታል። አንዱን ትዕይንት ስትመልስ ከሌላው ጋር ይጋጫል፤ ያስታርቁታል። ፕላኔቷ ጭራሽ በዋናው ሞድ ውስጥ አልገባችም፤ የተረፋት ነገር በጣም ትንሽ ስለነበር ለብቻዋ ሌላ ሞድ ሆነች። የሞከርኩት አንድ ጊዜ ነው። ከሮቦት ወደ ሮቦት መመላለስ ነው፤ ኦብሲዲያኖች ለምን ቀድመው እሷን እንደጣሏት ገባኝ። ፋብሪካው ግን አሪፍ ነው።

አሁን ደግሞ ወንድማችን ያልጻፈውን ልጨምር። በሰኔ 2022 አስፓየር የተባለ ኩባንያ ኮቶር 2ን በኒንቴንዶ ስዊች አወጣ። ይሄው የተመለሰው ይዘት በኋላ በነፃ ዲኤልሲ እንደሚመጣ በማስታወቂያው ቃል ገባ። ብዙ ሰው በዚያ ቃል ገዛ። ጌሙ ሲወጣ አንድ ትዕይንት ላይ ስለሚዘጋ እስከ መጨረሻ መጫወት እንኳ አይቻልም ነበር፤ ኩባንያው ራሱ አምኗል። በሰኔ 2023 ደግሞ ዲኤልሲው ተሰርዟል ተባለ። ነገሩ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሞዱ እኮ ተሠርቶ አልቋል! ፋይሉ አለ፣ ሠሪዎቹ አሉ፣ ጌሙ አለ። ያም ሆኖ አልሆነም። ቁልፉ የቱ ጋ ነው ታዲያ?

ሞደር በራሱ ኮምፒውተር ላይ ለራሱ ይሠራል፤ ቢበላሽ «ይቅርታ፣ ቀጣዩ ቅጂ ላይ አስተካክላለሁ» ይላል። ኩባንያ ግን ይሄን ነገር ሲሸጥ ደረጃ ያሰጣል፣ ያስፈትሻል፣ ድምፁን የቀዳውን ተዋናይ ውል ያያል፣ የስሙን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። የሞደሮቹን ድካም «ቁልፍ መጫን» ማለት ደግሞ ራሳቸው ሞደሮቹን መናቅ ነው። ይሄን ሳነብ ትንሽ ከነከነኝ።

«ካዝናው ይከፈት»

ካዝና። ቃሉ ራሱ ያጓጓል። አንድ ጊዜ ካዝና ተገኝቷል፤ አልክድም። ስታር ፎክስ 2 በ1995 አካባቢ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ሌሎች ኮንሶሎች (የጌም ማሽኖች) ባለ ሦስት ገጽታ ጌም እያመጡ፣ ኒንቴንዶ 64 ራሱ እየደረሰ ስለነበር ኒንቴንዶ በአሮጌው ማሽን፣ በሱፐር ኒንቴንዶ፣ ላይ ማውጣቱን ተወው። አንዳንድ ሐሳቡ በ1997 ስታር ፎክስ 64 ውስጥ ገባ። ጌሙ ራሱ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2017፣ ያ አሮጌ ማሽን አንሶ እንደገና በተሸጠበት በትንሿ ሱፐር ኒንቴንዶ ውስጥ ተጭኖ ወጣ። ለመክፈት የመጀመሪያውን ስታር ፎክስ አንድ ደረጃ መጨረስ ይጠይቃል። ይሄ የሚያስደስት ታሪክ ነው። ችግሩ፣ በጣም ብርቅ መሆኑ ነው።

የተለመደው ይሄኛው ነው። ኮናሚ ሳይለንት ሂል 2ንና 3ን አድሶ ሊያወጣ ለሌላ ስቱዲዮ ሰጠ፤ እድሳቱ በ2012 ወጣ። ሥራው ሲጀመር የመጨረሻው ኮድ ተፈለገ። የለም። ለአዳሾቹ የተሰጣቸው ገና ያላለቀ ኮድ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ከ10 ዓመት በፊት ያረሟቸው ስህተቶች ከመቃብር ተነሥተው መጡ። ጭጋጉ ደግሞ ሳሳ። ሳይለንት ሂል ውስጥ ጭጋግ ማለት ጌጥ አይደለም፤ ያልተሠራውን የሚሸፍነው እሱ ነው። ጭጋጉ ሲሳሳ ሐይቁ መሀል ላይ ውሃው እንደ ምንጣፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሲያልቅ ታየ። የካዝና ጠባቂ የተባለው ኩባንያ በሚሊዮን የተሸጠ የራሱን ጌም እንኳ አላስቀመጠም። ስኩዌር ኢኒክስም በ2002 ያወጣውን ኪንግደም ኸርትስ በ2013 ሊያድስ ሲል የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ጠፍተው ብዙውን ከእንደገና መሥራት ነበረበት።

የወጣው እንዲህ ከሆነ ያልወጣው እንዴት ይሆናል? አሜሪካ ያለው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት እዚያ አገር ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። እነዚህ የታተሙ፣ የተሸጡ፣ በየሰው ቤት የገቡ ናቸው። ለኒንቴንዶ የመጀመሪያ ኮንሶል ታስቦ በ1991 ገደማ የተጣለው ሲምሲቲ የተረፈው ከኩባንያ ካዝና ወጥቶ አይደለም። የሙከራ ካሴቶቹ በግለሰብ እጅ ተገኙና ያው ፋውንዴሽን በ2018 ገልብጦ አዳናቸው።

ስለዚህ ወንድማችን «ይክፈቱልን» ብሎ የሚጮህበት በር ጀርባ ብዙ ጊዜ ባዶ ክፍል ነው። ቁጣውን ወደዚያ ቢያዞረው አብሬው እቆጣ ነበር። ስለቆረጡ ሳይሆን የቆረጡትን ስላላስቀመጡ። ሰፊ እንኳ ቁርጥራጭ ጨርቁን በፌስታል ያስቀምጣል፤ ሱሪህ ሲቀደድ ከዚያው ይጥፍልሃል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይሄን ስጽፍ ያቺ ሬዲዮ የሌላት ሳን አንድሪያስ ትዝ ብላኝ ቤት ያሉትን የድሮ ሲዲዎች በሙሉ አወረድኩ። በማርከር «ጂቲኤ» ተብሎ የተጻፈበት አገኘሁ። ኮምፒውተሬ ሲዲ ማንበቢያ ስለሌለው ከጎረቤት ተዋስኩ። ዲስኩ ተንጫጫ፣ ተንጫጫ፣ ቆመ። አንደኛው ጥግ ተልጧል። እናንተ ጋ የዚያች ቅጂ አንዷ ካለች፣ ሬዲዮ የሌላት መሆኗን መኪና ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡና፣ በፍላሽም ቢሆን አድርሱኝ። ማታ በረሃው ላይ አንድ ጊዜ በጸጥታ መንዳት አምሮኛል።